ያላበ ልጅ ደጅ አይወጣም

መስከረም 18

ለተከበሩ የአክስቴ ልጅ፣ ለእትዬ መምህርት፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት ከከለከለዎ ወዲህ ክፍልዎን ወደ ታች አዛወሩልዎ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ለእርስዎ ጤናውን፣ ለልጄ ደግሞ የእርስዎን ቁጣ የምትችልበት ትከሻ ይስጥልኝ።

ዛሬ የምጽፈው ከሰላምታ ያለፈ ጉዳይ ስላለኝ ነው። የልጄ የድንቡሽ ወደዚህ አገር መግቢያ ወረቀት ወጣ። አራት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ሁለት ገጽ ሆኖ መጣ። የሚያገለግለው እስከ ጥር ሠላሳ ብቻ ነው። ያ ቀን ካለፈ ከሀ መጀመር ነው፤ ሁለተኛ እንደሚሰጡኝም ማንም አይምልልኝም። ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ፊርማ ነው፤ ቅጹን አብሬ ልኬያለሁ። “አሳዳጊ” ከሚለው ጎን ይፈርሙበትና ያስቀምጡልኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ እናቷን ልትጠይቅ ወደዚያ ስለምትመጣ፣ ጥር ላይ ስትመለስ ልጅቷንም ወረቀቱንም ይዛልኝ ትመጣለች።

ሌላም ልመና አለኝ። ልጄ የምትደርሰው ብርዱ በጠናበት ሰዓት ነው። እርስዎ ለሰው ልጅ ሁሉ ያስተምራሉና ለእሷም ስለ በረዶ ወራት ጥቂት ጥቂት ያስተምሯት። እኔ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

እንደሚያውቁት የምሠራው ሕፃናት መዋያ ውስጥ፣ ልብስ መስቀያ ክፍል ነው። ሃያ ስድስት ልጆች አሉኝ። በቀን ሁለት ጊዜ አልብሼ አወጣለሁ፣ ሁለት ጊዜ አወልቄ አስገባለሁ። መጀመሪያ ሽንት ቤት ነው፤ ይህን የረሳ ሁሉንም እንደገና ይጀምራል። ከዚያ ወፍራሙ ሱሪ፣ ከዚያ ጫማ፣ ከዚያ ጓንት፣ በጓንቱ ላይ ኮት፣ መጨረሻ ኮፍያ። ጓንት ከኮቱ በኋላ ከሆነ በረዶው በእጅጌ ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ላብ ነው። ቤቱ ይሞቃል። መጀመሪያ የለበሰው ልጅ የመጨረሻው እስኪለብስ በላብ ይጠመቃል፣ ደጅ ሲወጣ ያ ላብ ይቀዘቅዝበታል። ስለዚህ ቶሎ የሚለብሱትን መጨረሻ አደርጋቸዋለሁ። ያላበ ልጅ ደጅ አይወጣም። አስቀምጬ፣ ቁልፉን ፈትቼ፣ አንገቱ ሥር እጄን ከትቼ፣ መድረቁን አይቼ ነው የምለቀው።

በረዶ ሲወርድ ድምፅ እንደሌለውም ይንገሩልኝ። ልጆች ድምፅ ጠብቀው ሲያጡ ይደነግጣሉ።

ጉልበትዎን ሞቅ ባለ ጨርቅ ይጠቅልሉት።

የአጎትዎ ልጅ


ጥቅምት 26

ለአጎቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ጉልበቴ እንዳለ ነው። ክፍሌን ግቢው ጥግ ወዳለችው ቤት አዛውረውልኛል። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋዱ በኋላ ምድጃ ናት። አርባ ስምንት ተማሪ እዚያ ውስጥ አስተምራለሁ እንጂ እንደ አንዳንዱ ሰው ኮት ስሰቅል አልውልም።

ደብዳቤሽን እንደ ወጉ አረምኩት። ሃያ ሦስት ስህተት አለበት። ቅጂውን እኔ ዘንድ አስቀርቼ ዋናውን በቀይ አስምሬ መልሼልሻለሁ፤ ተማሪበት። ፊደል ከሱቅ መጠቅለያ ላይ ከለቀመ ሰው ከዚህ የተሻለ አልጠበቅሁም። ብጣሽ ብለን ያወጣንልሽ ስም በከንቱ አልነበረም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያራገፍሽ ታነቢ ነበር። ችግሩ፣ የዓለምን ወሬ ግማሽ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቂው። የቀረውን ግማሽ ሌላው ገዢ ጨው ጠቅልሎበት ሄዷል።

ከፊደሉ ይልቅ የገረመኝ ሐሳቡ ነው። “በረዶ ሲወርድ ድምፅ የለውም” ትያለሽ። ሠላሳ ዓመት ከቆርቆሮ ሥር አስተምሬያለሁ። በረዶ ሲወርድ ትምህርቱን አቋርጬ ነው የምቀመጠው፤ አጠገቤ ያለው ልጅ እንኳ አይሰማኝም። ደግሞ ጓንት ከኮት በፊት ነው ትያለሽ። በመጽሐፉ ምዕራፍ ስድስት ሥዕል ላይ ልጁ ኮቱን ለብሶ፣ ጓንቱን በእጁ ይዞ ቆሟል። መጽሐፉን ያዘጋጁት ስድስት ምሁራን ናቸው፤ ከስድስቱ አንዳቸውም ልብስ መስቀያ ውስጥ አልሠሩም። ስለ ላብ የጻፍሽውን ከነአካቴው ሰርዤዋለሁ። ስለ ብርድ በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ ላብ ምን ቤት ነው?

ይህን ሁሉ የምልሽ ምዕራፍ ስድስት ለእኔ ቀልድ ስላልሆነ ነው። ጥር 14 ቀን ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ ይመጣል። የዘንድሮውን ናሙና ትምህርት የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ርዕሱም “የበረዶ ወራት” ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ላኪልኝ፣ ትልቁን። የድሮ ቀን መቁጠሪያ ካለሽም በረዶ ያለባቸውን ሥዕሎች ቁረጪልኝ። ኮትም፣ ኮፍያና ጓንትም ያስፈልገኛል፣ የልጅ ልክ።

ልጅቷ ደህና ናት። በንባብ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች፤ ካንቺ ወገን የመጣ እንዳይመስልሽ።

ቅጹን አይቼዋለሁ።

የአክስትሽ ልጅ


ኅዳር 12

ለተከበሩ እትዬ፤

ቀዩ ደብዳቤ በደህና ገብቷል፤ እርስዎም በደህና እንደሰነበቱ ተስፋዬ ነው። ማሰሪያውን ስፈታ ያልተሰመረበት መስመር ፈልጌ አጣሁ።

ስድስቱን ምሁራን ሰላም ይበሉልኝ። አንዳቸው አንድ ቀን መጥተው ሃያ ስድስት ልጅ ቢያለብሱልኝ ወንበር ስቤ አያቸው ነበር።

ስለ ላብ የጻፍኩትን ሰርዘውታል። ይሁን። እዚህም የሚሰርዝ ሰው አላጣሁም። ልጆቻቸውን ከሚያመጡት ወላጆች አንዱ ጠበቃ ነው። ልጁን ከቤቱ ጀምሮ እስከ አፍንጫዋ ጠቅልሎ፣ በመኪናው ማሞቂያ አብስሎ ያመጣታል። አንድ ጠዋት እኔ ዘንድ ስትደርስ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ጓደኞቿ ደግሞ ግቢ ወጥተዋል። “አልቧታል፤ ትንሽ ትቀመጥ” አልኩት። “አንቺ ኮት ስቀይ” አለኝ። ሰቀልኩ። ልጅቷን ራሱ በሩን ከፍቶ ለቀቃት። ሦስት ቀን ቀረች። በአራተኛው ቀን ሲያመጣት እኔን ቀና ብሎ ሳያየኝ እጁን በልጁ አንገት ሥር ከተተ፣ ቆየ፣ አወጣ። እኔም ኮቱን ሰቀልኩ።

ቆርቆሮ የሚደበድበውን በረዶ እኔም አልረሳሁትም፣ ከሥሩ አብረን ነው ያደግነው። እዚህ የሚወርደው ሌላ ነው። መውረዱን የማውቀው መስኮት ስከፍት ነው።

ያዘዙትን በሙሉ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ቴርሞሜትሩ ትልቁ ነው። ኮቱ ሰማያዊ ነው፤ የድንቡሽ ነው። ለጉዞዋ ይሁናት። ቁመቷን ስለማላውቀው እዚህ ካለች የስድስት ዓመት ልጅ ላይ ለክቼ አራት ጣት ጨመርኩበት። ካልበቃት ይጻፉልኝ።

ፊርማውን አደራ። ጥር ሩቅ ይመስላል እንጂ አይደለም።

የአጎትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 9

ለአጎቴ ልጅ፤

ጤናሽን የሚጠብቅልሽ እንቅልፉ ቀላል ይሁን። የላክሽው ዕቃ ሳይሰበር ደርሷል። ቴርሞሜትሩ ጥሩ ነው፣ ክፍላችን ውስጥ ሠላሳ አንድ አሳይቷል። ቀን መቁጠሪያው ግን የባንክ ማስታወቂያ አለበት፤ ቀድጄ ነው የሰቀልኩት።

ኮቱ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ግድግዳው ላይ ተቸንክሯል። አትደንግጪ፣ ምስማሩ በመስቀያው ላይ ነው። “አንገት”፣ “እጅጌ”፣ “ኪስ” ብዬ በወረቀት ጽፌ ለጥፌበታለሁ። ተማሪዎቹ በተራ እየመጡ በዘንግ ያሳያሉ። የሌላ ክፍል መምህራን ሳይቀሩ እየመጡ ይጎበኙታል። እንዲህ ያለ የትምህርት መርጃ በዚህ ትምህርት ቤት ታይቶ አይታወቅም።

ደብዳቤሽም ሳይጠቅም አልቀረም። የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው ላይ ገልብጬው “ስህተቱን አርሙ” አልኳቸው። በጣም የተበላሸው መስመር ያው ስለ ላብ የጻፍሽው ነበር፤ አሥር አሥር ጊዜ አስጻፍኳቸው፣ ጮክ ብለውም አስነበብኳቸው። የማን ደብዳቤ እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ ላንቺው አዝኜ። ልጅሽ ግን አነጋገርሽን አውቃለች መሰለኝ፣ ሃያ ጊዜ ጽፋ አመጣችልኝ። “አሥር ነው ያልኩት” አልኳት። “እጄ አልቆም አለ” አለችኝ። ለሰው የሚመለስ መልስ ነው?

ሱሪውንና ጫማውን ረስተሻል። በሥዕሉ ላይ ልጁ ጫማ አድርጓል። ላኪ።

ስለ ፊርማው ትነዘንዥኛለሽ። ልጅቷ ገና አልተዘጋጀችም። ምዕራፍ ስድስትን ሳትጨርስ ወደ በረዶ አገር መላክ ፊደል ያልቆጠረን ሰው ደብዳቤ ማስጻፍ ነው፤ ውጤቱን ካንቺ አይተናል። ደግሞም ለናሙናው ትምህርት ኮቱን ለብሳ የምትቆመው እሷ ናት። ለሌላ ልጅ ልኩ አይደለም። ከጥር 14 በኋላ እንነጋገራለን።

የአክስትሽ ልጅ


ታኅሣሥ 24

ለእትዬ፤

ደህና ይሁኑልኝ። ሰላምታውን አሳጥሬያለሁ፤ ስህተቱም እንዲያጥርልዎ ብዬ ነው።

ኮቱን ከግድግዳ ያውርዱልኝ። የልጄ ልብስ ነው። የገዛሁት ኪስ የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዘንግ እንዲነካካው አይደለም። እጅጌው ላይ ምስማር ካለፈ ብርድ ያስገባል፣ እዚህ ደግሞ ብርዱ ዘንግ ይዞ አይመጣም።

ልጄንም ከሰሌዳው ፊት ያንሱልኝ። ሠላሳ አንድ በሚያሳይ ክፍል ውስጥ ያን ኮት ለብሳ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ከቆመች ምን እንደምትሆን የሰረዙትን መስመር ያንብቡት። የእናንተ ግቢ የጥር ነፋስ ቢላ እንደሆነ አልረሳሁም። አልቧት በዚያ ነፋስ ከወጣችና ደረቷን ከያዛት ሐኪሙ የጉዞ ወረቀቷ ላይ አይፈርምም፣ ጥር ሠላሳም ቆሞ አይጠብቅም።

ጫማና ሱሪ አልላክሁም። ስትመጣ እኔ አለብሳታለሁ፣ ሥራዬ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ጥር 20 ቀን ደጅዎ ትደርሳለች። እትዬ፣ አራት ዓመት ልጄን አሳድገውልኛል። ለዚህ የምከፍለው የለኝም፣ አለኝ ብዬም አልዋሽም። ግን የማያውቁትን ነገር ለማያውቁት ሰው ለማሳየት ልጄን ማቆም አይችሉም። ይፈርሙ ወይም አልፈርምም ይበሉኝና ልወቀው።

የአጎትዎ ልጅ


ጥር 17

ላንቺ፤

ሰላምታውን ልጅሽ ይዛልሽ ትመጣለች፣ ከእሷ ተቀበይ።

የታኅሣሡ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጥር 13 ነው፣ ከናሙናው ትምህርት ዋዜማ። አነበብኩት፣ አሥራ አንድ ስህተት ቆጠርኩ፣ አጥፌ ከመዝገቤ ሥር አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው መጣ። ሹመቱን ያገኘው በአጎቱ ነው፤ መዝገብ ሲይዝ እንኳ ዘቅዝቆ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሬ ሁሉንም አዘጋጅቻለሁ። ግቢው ውስጥ የፍራሼን ጥጥ ሳይቀር ዘርግቼ በረዶ አስመስያለሁ። ልጅሽ ኮቱን፣ ኮፍያውን፣ ጓንቱን አድርጋ ከሰሌዳው ፊት ቆመች። የኮቱን ክፍሎች ጠራሁ፣ ልጆቹ መለሱ፣ ቴርሞሜትሩን አነበብን። አርባ ደቂቃ ሁሉም ነገር እንደ ውኃ ፈሰሰ። በመጨረሻ “አሁን ወደ በረዶው ውጪ፣ ሌሎቻችሁ በመስኮት ተመልከቱ” አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም። “እትዬ፣ አልወጣም” አለችኝ፤ መምህርት እንኳ አላለችም።

“ለምን?”

“አልቦኛል።”

“ውጪ አልኩሽ።”

“ያላበ ልጅ ደጅ አይወጣም” አለች። ይህን ስትል አርባ ሰባቱም ልጆች እንደለመዱት ተቀብለው እስከ መጨረሻው አወረዱት፤ አስቀምጬ፣ ቁልፉን ፈትቼ፣ አንገቱ ሥር እጄን ከትቼ። አንድም ፊደል አልሳቱም። አርሜ ያስጻፍኳቸው እኔ ነኝ።

ተቆጣጣሪው ሳቀ። “ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ማን ነው ያስተማራችሁ?” አለ። ልጅሽ ጓንቷን እያወለቀች “እናቴ” አለችው። “እናትሽ መምህር ናት?” “አይደለችም፣ ኮት ትሰቅላለች።” ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ቁልፏን ፈታች፣ እኛም አርባ ስምንት ሰው፣ ከተቆጣጣሪ ጋር አርባ ዘጠኝ፣ እስክትደርቅ ጠበቅናት። እሱማ ደብዳቤውን አምጪ ብሎኝ ያችን አንቀጽ መዝገቡ ላይ ገለበጠ። ከስህተቱ ጋር ይሁን ያለ ስህተቱ አላየሁም። ሲወጣ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ጥጡን አስነሺው፣ ዶሮ እየበተነው ነው” አለኝ።

ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ የሰው መዝገብ ውስጥ የገባው የብጣሽ ደብዳቤ ነው። ደስ ይበልሽ።

ቅጹን ለልብስ ሰፊዋ እሰጣታለሁ። ፈርሜያለሁ፤ ውሰጃት። ኮቱን ለብሳ ትመጣለች፣ ሻንጣው አልዘጋም ብሏል። የጠመኔ ሳጥኔን ወደ ክፍል የምትሸከምልኝ እሷ ነበረች፣ ከዛሬ ጀምሮ ራሴ ይዣለሁ፤ ከባድ አይደለም። በግራ እግሯ ጫማ ውስጥ ሁልጊዜ ጠጠር አለ ትላለች፤ ቢፈተሽም ጠጠር የለም። ዝም ብለሽ አራግፊላት።

የአክስትሽ ልጅ


የካቲት 6

ለተከበሩ እትዬ፤

ከጉልበትዎ ጋር ሰላም ይሁኑ። ልጅቷ ጥር 27 ቀን ገባች፣ ሦስት ቀን ሲቀር።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼ ነበር፤ ሳልከፍተው አስቀመጥኩት። ተቆጣጣሪው በሳቀው አልሳቅሁም። አርባ ስምንት ልጅ አንድ መስመር በቃሉ የያዘው እርስዎ አሥር ጊዜ ስላስጻፉት ነው። እኔማ ለሃያ ስድስቱ በየቀኑ እነግራቸዋለሁ፣ አንዳቸውም አልያዙትም። እንደ ስህተት ባያስተምሩት ኖሮ እነዚያም ባልያዙት ነበር።

ቅጹንም አየሁት። ከፊርማዎ ጎን የጻፉት ቀን ጥቅምት ሦስት ይላል። ጥቅምት ሦስት የፈረሙትን ወረቀት ለልብስ ሰፊዋ የሰጧት ጥር ሃያ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። ተቆጣጣሪውም ምክንያት አይመስለኝም።

መድረሷን ብቻ ልንገርዎ። ከአውቶቡሱ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መቀበያ አዳራሽ የሮጥኩት እንደ ለበስኩ ነው፣ ዘግይቻለሁ ብዬ። አልዘገየሁም። ብዙ ቆምኩ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ብቅ ስትል ጎኗ ያለችውን ልጅ ሳይሆን ኮቱን ነው ያወቅሁት። እጅጌው አጥሯታል። አራት ጣት አልበቃም።

ከመስታወቱ ውጭ በረዶው ያለ ድምፅ ይወርዳል። አየችው፣ ጆሮዋን አዘነበለች። እጇን ይዤ ወደ በሩ ስሄድ እጇን ነጠቀችኝ።

“አልቦኛል” አለች።

እዚያው ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ራሷ ቁልፏን ፈታች። ልብስ ሰፊዋ ሳቅ ብላ ተሰናበተችንና ሄደች። ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በፊታችን ያልፋል። የግራ ጫማዋን አውልቄ አራገፍኩላት፤ ምንም አልወደቀም፣ እሷ ግን እፎይ አለች። ትንሽ ቆይቼ አንገቷ ሥር እጄን ከተትኩ። ሳልነካው አራት ዓመት የሆነኝ አንገት ነው። ደርቃለች።

“እንሂድ” ብያት ልነሣ ጎንበስ አልኩ።

እሷም እጇን አንሥታ በእኔ አንገት ሥር ከተተች። የከተተችውም እርስዎ እንዳስተማሯት ጠመኔ እንደያዘ ሰው ሦስት ጣቷን ገጥማ ነው።

“አንቺ ገና ነሽ” አለችኝ። “ቁጭ በይ።”

እኔ ከደረቅሁ ቆይቻለሁ፣ እትዬ። ግን ተቀመጥኩ። እጇንም አላነሳችም።

የአጎትዎ ልጅ፣ ብጣሽ